ድስቷን እንጂ እጇን

ልጄ ፊቤ፣ ባሊ ስለሚባል ሩቅ ደሴት ልብ ወለድ ጻፈች። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ዘግቶት፣ ቤተ ክርስቲያናችንም በዙም ሆኖ፣ እሑድ ከልጆቹ ድርሰት እንዲነበብ ተባለ። በስደት በምንኖርበት ካትሌሆንግ ካለው ስፓዛ ሱቃችን ጓሮ፣ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ።

በድርሰቷ ከዝቅተኛ ዘር የተወለደች ልጅ ለባላባት ቤት ትዳራለች። ከዚያ ወዲያ የገዛ እናቷ «እርስዎ» ትላታለች። እናትየዋ ልጇን ልታይ ስትመጣ ሰድበው ያባርሯታል።

«ውሸት!» አልኩ፤ ደሜ ፈላ። «የሚናቀው እንዲህ አይደለም! ማንም አይሰድባትም። እንዴት አደርሽ ይሏታል። የሠራችውን ድስት ይገዟታል። ውሃ ስትጠይቅ ግን ዋንጫው እንዳይረክስ በኮባ ቅጠል ይሰጧታል።»

«እማ፣ ይሄንን ከየት አወቅሽው?»

«አነበብኩት» አልኳት። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፍ ገልጬ የማላውቅ ሴትዮ!

ባሌ ማናሴ ስንጋባ «የሸክላ ሠሪ ዘር መሆንሽን ሰው እንዳያውቅ፤ አብሮሽ የሚበላ አይኖርም» ብሎኝ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አፌን ዘግቼ ኖርኩ። ሠርጌን እንኳ እናቴ ድስት ሻጭ መስላ፣ ከአጥር ውጭ ቆማ ነው ያየችው።

እሑድ ፊቤ ድርሰቷን አነበበች። የኮባውን ነገር አንዳች ሳታስቀር አስገብታዋለች፤ ጉድ! እንደጨረሰች ሽማግሌያችን ጋሽ አቢሶ ድምፁን ከፈተ።

«ጎበዝ ልጅ! ግን ውሃ በኮባ የሚሰጠው እኛ አገር እንጂ ባሊ ነው እንዴ? ማን ነገረሽ?»

ፊቤ ወደ እኔ ዞረች። ማናሴ ከሱቁ መስኮት ሆኖ ዝም በይ ብሎ ራሱን ነቀነቀብኝ። እናቴ በሠርጌ ቀን ከአጥር ውጭ እንደቆመች ታየችኝ።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አልኩ። «እኔ ኤርጎጌ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። በየገናው እጅሽ ይባረክ እያሉ የሚበሉት ዶሮ ወጥ እናቴ ሠርታ በላከችልኝ ድስት ነው የሚሠራው። ይኸው፣ እስከ ዛሬ የሞተ የለም!»

አንድ ሁለት ካሜራ ጠፋ። ጋሽ አቢሶ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እንጸልይ» አለ፤ ሌላ ምን ይበል? ማናሴ ዳቦ የሚጠብቀውን ደንበኛ ትቶ መጣ። ያምባርቅብኛል ስል ማስኩን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከፊቴ ጎን ስልኩ ላይ ታየ። ኩራቴን የት ላድርገው!

ጸሎቱ ሲያልቅ ፊቤ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«እማ፣ ባሊ የሚለውን ላጥፋው?»

«አጥፊው። ለእናትየዋም የአያትሽን ስም ስጫት።»

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ስሟ ማን ነው?»

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን አልነገርኳትም። አፈርኩ።

«ዕፀገነት» አልኳት። «ሸክላ ሠሪዋ ዕፀገነት ብለሽ ጻፊ። ጎላ አድርገሽ።»