እሱ ያሰረው ፌስታል

የእትዬ የሺዓለም አሮጌ ቮልስ ከፒያሳ እየተንጣጣ ይወርድና ራስ መኮንን ድልድይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ጥቂት ካረፈ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። መካኒኩ ካሣሁን የቤንዚን ፖምፓውን ፈታ፤ ጤነኛ ነው። ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ዛሬም እዚያው ድልድይ ላይ ሲያስጠሩት ደሙ ፈላ።

«እትዬ፣ ከየጉራንጉሩ በሃይላንድ ቤንዚን እየገዙ እኔን አያሰድቡኝ!» ብሎ ጮኸባቸው። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ በሙሉ ዞሮ አያቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ።

ቤንዚኑን አሽትቶ ሊያሳፍራቸው የታንኩን ክዳን ከፈተ። ከክዳኑ ሥር የታንኩን አፍ የሸፈነ ፌስታል በቀይ ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ወደ ውስጥ ተስቦ የጦመኛ ሆድ መስሏል። ሽቦውን ሲፈታው ታንኩ እፎይ ብሎ አየር ሳበ።

ካሣሁን ክው አለ። ሽቦው የራሱ ነው። በቀደም «ቤንዚኑ ይሸተኛል» ሲሉት በዘዴ ያሸገላቸው፣ ተመርቆም የሄደው እሱ ነው። ታንክ አየር ካልገባበት ቤንዚን እንደማይለቅ የማያውቅ መካኒክ የት አለ? ፌስታሉን ጨምድዶ ኪሱ ሊከት ሲል እትዬ የሺዓለም አዩት።

«ተው እንጂ፣ አትጣለው» አሉት፣ ሰልፈኛው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በቀዳሁ ቁጥር ልክ አንተ እንዳደረግከው አጥብቄ ነው የማስረው። የማደያው ቀጂ ልጣለው ሲለኝ እንኳ፣ ካሣሁን ያለ ነገር አያስርም ብዬ ተቆጣሁት።»