የገበየሁ ጉርሻ

ሰባ ስድስት። ትናንትም ሰባ ስድስት፣ ከትናንት ወዲያም ሰባ ስድስት። ጋሽ ሸዕባን የእህል ሚዛኑን በመዳፉ ጠረገና «እስቲ ውረጅና እንደገና ውጪ» አለኝ። ወረድሁ፤ ወጣሁ። ያው ነው።

«ማናለብሽ፣ እንዳንቺ የማይጎድል ጤፍ ቢኖረኝ ይኼኔ ሀብታም ነበርሁ» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልስ አላጣለትም ነበር። ያን ሰሞን ግን ማንም ሲስቅ ካየሁ ያናድደኝ ነበር።

የወንድሜ የገበየሁ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ ዓመት አልፏል። ከተማችንን ቆሰበርን በባጃጅ ሲያካልል የሚውል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ፣ በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ባህር ዳር እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። በ2009 ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሄደን ተመረመርንና የእኔ ኩላሊት ይሆነዋል ተባለ። እልል ልል አፌን ስከፍት ሐኪሙ «ግን ክብደትዎ» አለኝ። ሰማንያ አምስት ኪሎ ነበርሁ። እንዲህ ሆነው ቢሰጡ ለራስዎ አደጋ ነው፤ ለጥር አሥራ አምስት ሲመጡ ከሰባ ሦስት እንዳይበልጡ አለኝ። ቢበልጥስ ብለው፣ ቀጠሮው ለሌላ ያልፋል አለ። ገበየሁ ሌላ ቀጠሮ የሚጠብቅበት ጉልበት እንደሌለው ሁለታችንም እናውቃለን።

ለጎረቤት አልነገርንም። ኩላሊት የሚባል ነገር በከተማችን ከተነሳ «ሸጠችው» ማለት ይከተላል። ስለዚህ ስከሳ ያየኝ ሁሉ ስኳር ነው፣ ሐሳብ ነው እያለ ያዝንልኛል። ይዘኑ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀሚሴን በነሐሴ አንዴ፣ በመስከረም ሌላ ጊዜ አጠበብሁት። ዘጠኝ ኪሎ ሲወርድ ዓለም የእኔ መሰለችኝ። ከዚያ ቀጥ አለ። ጥቅምት ቢጋመስም ቀሚሱ መርፌ አላስፈለገውም።

መቀመጥ አቃተኝ። የስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ እልና አንድ እጅጌ ሳልጨርስ ብድግ እላለሁ። ሌሊቱ ሲነጋጋ በጉሙ ውስጥ ወደ አዲስ ቅዳም የሚወስደውን መንገድ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስመለስ በጋሽ ሸዕባን መደብር በኩል ነው። አንዳንድ ቀን ጠዋትም ማታም ተመዝኛለሁ። የሰው ሱሪ አሳጥሬ ሰፍቼ የተሰደብሁትም ያን ጊዜ ነው።

የጋሽ ሸዕባን ልጅ አፊያ ነርስ ናት፤ ነገሩን የነገርኋት ለእሷ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታ ሚዛኑ ላይ ቆሜ ስነጫነጭ አገኘችኝ።

«እትዬ ማናለብሽ፣ ሰማንያ አምስት ኪሎ ሳሉ የሚበቃዎት ምግብና አሁን የሚበቃዎት እኮ አንድ አይደለም» አለችኝ። «ገላዎ አንሷል፤ የሚያቃጥለውም ካሎሪ ያንኑ ያህል አንሷል። በፊት ያከሳዎት ምግብ አሁን ባሉበት የሚያቆምዎ ሆኗል። ትንሽ ይቀንሱ። ግን ጾምዎን አይዋሉ፤ ደክመው ከተኙ ብዙ አይቃጠልም።»

ሁለት እንጀራ እበላ የነበርሁት አንድ ተኩል ይሁን አለች። ዘይቱ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ ይግባ፤ ሽሮና ጎመን ይብዛ። እሺ ብዬ ገባሁ። እንጀራዬን በልብስ መቀሴ ቆርጬ ለሁለት የከፈልሁ ሰው ነኝ፤ ብቻዬን የማሳድጋት ልጄ ናርዶስ አይታ በሳቅ ሞተች።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ከረምሁ። ሰባ ስድስት።

አፊያ ጋ ክሊኒኳ ድረስ ሄጄ ጮህሁባት። ምን አጠፋች? አላጠፋችም፤ ግን ጮህሁባት። ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀችና «በአፍዎ የሚገባውን ሁሉ አንድ ሳምንት ይጻፉልኝ። ጉርሻም ሳይቀር» አለችኝ።

የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍሁ። ቅዳሜ ለአፊያ ይዤላት ሄድሁ። እንደ ተማሪ እጄን አጣምሬ ቆምሁ፣ እሷ በእስክሪብቶ እየነካች አነበበች። ሰኞ ምሳ፣ ግማሽ እንጀራ በሽሮ። ደህና። ሰኞ አሥር ሰዓት፣ ገንፎ በቅቤ፣ አራት ጉርሻ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ፍርፍር፣ አምስት ጉርሻ። ማክሰኞ ማታ፣ ድንች በሥጋ፣ ስድስት።

«ይኼ ከየት ነው የሚመጣው?»

«የጠያቂ ነው» አልኋት። «የእኔ አይደለም።»

እውነቴን ነው፣ የእኔ አይመስለኝም ነበር። በሽተኛ ያለበት ቤት ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ገበየሁ ደግሞ ሐኪም ከልክሎት ጨው አይበላ፣ ድንች አይበላ፣ ሙዝ አይበላ። ያ ሁሉ ሳህን ሳይነካ ቢመለስ ሰው ይቀየማል፤ እጄን ናቀው ይላል። ስለዚህ እሱ አንድ ጊዜ ይቀምስና የቀረውን እየጠቀለለ «እታለም፣ ለእኔ ብለሽ» ይለኛል። የሱን ሆድ ወክዬ ነው የምበላው። የበሽተኛ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

አፊያ ቆጠረች። በሳምንት ሠላሳ ሦስት ጉርሻ፣ አብዛኛው ቅቤ የጠጣ። ከእንጀራዬ የቀነስሁትን ካሎሪ ሁሉ መልሶ የሚከፍል ነበር። ደብተሩን ዘጋችና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ወንድምዎ ለምን እንደሚከሱ ያውቃል አይደል?»

«እንዴት አያውቅም?»

ደብተሩን መለሰችልኝ። እኔም ደህና ዋይ ሳልላት ወጣሁ። ዐሥር እርምጃ ሳልሄድ የአንዱ ሱቅ በር ላይ ተቀመጥሁ። ያውቃል። ሚዛን ላይ ወጥቼ እያለቀስሁ ስመጣ የሚያጽናናኝ እሱ ነው። የሚያጎርሰኝም እሱ ነው።

ቤት ስደርስ ከባህር ዳር በተመለሰ ማግስት እንደሚሆነው ጋቢውን ተከናንቦ አልጋው ላይ ነበር። ደብተሩን ደረቱ ላይ ጣልሁለት።

«ሠላሳ ሦስት» አልሁት። «ሆን ብለህ ነው?»

ገለጥ አደረገው። ውሸት ይፈልጋል ብዬ ፊቱን አየሁ፤ አልፈለገም።

«አዎ» አለኝ።

እንዲህ የተናደድሁበት ቀን የለም። ታሞ ባይሆን እመታው ነበር። አምስት ወር ሙሉ ርቦኝ ስተኛ፣ በጉም ስንከራተት፣ እሱ በጠቀለላት ጉርሻ ሲያፈርስብኝ ከርሟል።

«ሐኪሙ ወረቀት ሲያስፈርምሽ ሰማሁ» አለ። «ሞት ሊያጋጥም ይችላል ሲልሽ፣ አንቺ አንብበሽ ሳትጨርሺው ፈረምሽ። እናታችን ስትሞት ስንት ዓመቴ ነበር?»

«ስድስት።»

«ናርዶስስ?»

ናርዶስ ስድስት ዓመቷ ነው።

«አንቺ ነበርሽኝ። ናርዶስን ማን ያሳድጋታል? እኔ? በአንቺ ኩላሊት?» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ክብደቷ እምቢ አለ ቢሉን ጥፋቱ የማንም አይሆንም ነበር። አንቺም አልሰጥም አላልሽ፣ እኔም አልቀበልም አላልሁ።»

ለካ እሱም እንደኔ ይህንኑ ሲያስብ ያድራል። አዘንሁለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። «ስማኝ» አልሁት። «በዐሥራ ስምንት ዓመቴ አንተን ይዤ ልብስ ስፌት ስማር ማንም አላስገደደኝም። አሁንም ማንም አላስገደደኝ። አልቀበልም ካልህ ተነሥና ለሐኪሙ በአፍህ ንገረው። በእኔ አፍ አትምጣብኝ።»

ያን ቀን ማታም፣ በማግስቱ ጠዋትም አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እሑድ ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን እትዬ እታለማሁ ዶሮ ሠርታ፣ በመሶብ ይዛ መጣች። ቤቱ በቅቤና በቁሌት ሽታ ተሞላ።

«በሉ እንጂ፣ ሳይበርድ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም እንዲህ አትምነምኚ፤ አስታማሚ ካልበላ በሽተኛው በማን ይነሳል? ብይ!»

እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። በልቻለሁ ልላት ነበር፤ እንደማታምነኝ አውቃለሁ። ገበየሁ ትንሽ ቀመሰ። ከዚያ እንጀራውን ቆረሰ፣ ወጡን አጠቀሰ፣ ከብልቱ ጨመረበትና ጠቀለለው። እጁ ወደ አፌ ተነሣ። እትዬ እታለማሁ ደስ ብሏት ታያለች። እኔ የማየው ዐይኑን ነው። እምቢ ብለው ሰው ፊት ማዋረድ ይሆንብኛል፤ ብጎርሰው አልቆልናል።

እጁ አየር ላይ ቆመ። ጉርሻውን መልሶ መሶቡ ላይ አኖረው።

«እትዬ እታለማሁ፣ እህቴን አያስበሏት» አለ። «ኩላሊቷን ልትሰጠኝ ነው። ክብደቷ ካልወረደ ሐኪሞቹ አይቀበሉም።»

እትዬ እታለማሁ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ ተነሥታ መሶቡን ከፊቴ አነሣችና ከደነችው።

«እና ይኼን ሁሉ ጊዜ ስናስበላት ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» ብላ ተቆጣች፤ ዐይኗ ግን እንባ ሞልቶ ነበር። «ለሰፈሩ ሁሉ እነግራለሁ፤ ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት የምትገባ ሳህን የለችም። ስንት ቀራት?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ገበየሁ ቀደመኝ።

«ሦስት ኪሎ» አላት።

ከሰኔ ጀምሮ ስንት እንደቀረኝ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።