ቁሌት የለበሰው አዳኝ

ፍራንክፈርት ውስጥ ጉልላትን የማያውቅ ሐበሻ ካለ ትናንት በአውሮፕላን የገባ መሆን አለበት። ኦስትሃፈን ወደብ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ መርከብ የሚያነሳ ይመስለዋል። አራት ዓመት በተለማመደበት የቀስት ክለብ ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ ጀርመኖቹ እሱ ሲወረውር ቆመው ነው የሚያዩት። ስለዚህ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ «በመስከረም ኡርላውቤን፣ የዓመት ፈቃዴን፣ ወስጄ ስፔን ተራራ ላይ አጋዘን በቀስት እጥላለሁ» ሲል ሻዩን ማማሰል ያቋረጠ አልነበረም።

ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል ብቻ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ያልተለካ ነገር ያሳክካቸዋል።

«ለምን ስፔን? እዚህ አጋዘን ጠፋ?»

«እዚህማ በቀስት ማደን ክልክል ነዋ፣ ጋሼ! እኔ ከጀመርኩ ጫካው ባዶ እንደሚቀር ጀርመኖቹ ያውቃሉ።»

«እሺ፣ ባትጥልስ?»

«እኔ? ካልጣልኩ እስከ ከርሞ መስቀል እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ወሬ አላወራም!»

አሁን ሁሉም ቀና አለ። ለጉልላት ዓመት ሙሉ ዝም ማለት ዓመት ሙሉ ከመጾም ይብሳል።

«ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል። «ምስክር ግን ያስፈልጋል። ውብነሽ አብራ ትሂድ።»

ውብነሽ ሚስቱ ናት። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ የስንት ሽማግሌ የደም ግፊት ስትመዘግብ ኖራ፣ ቁጥር ልጨምር ብትል እንኳ እጇ እሺ አይላትም።

ፍራንክፈርት ዳር ካለው ሰፈራቸው ከቦናመስ ተነስተው ሁለት ቀን ነዱ። መንገዱን ሙሉ ጉልላት ስለ ሳንባው ሲያወራ ዋለ። «እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ደጋ ነው ያሳደገኝ። እዚያ የሚጠብቀን የአደን መሪ ይከተለኝ እንጂ እኔ አልከተለውም።» በነጋታው የመጀመሪያው ዳገት ላይ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። ሃያ ሦስት ዓመት ማይን ወንዝ ዳር ሜዳ ላይ የኖረ ሳንባ መንዝን ጭራሽ ረስቶታል። ውብነሽ ቦርሳውን ተቀብላ ቀደመችው።

«ደከመህ እንዴ?»

«ምን ይደክመኛል!» አለ እያለከለከ። «አካባቢውን እያጠናሁ ነው።»

አጋዘኖቹ ነበሩ። በሬ የሚያክሉ ናቸው፤ ሲጮኹ ሸለቆው ይንቀጠቀጣል። ግን አንዱም አልቀረበም። መቶ ሜትር ላይ ሲደርሱ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፣ ቀጥ ይላሉ፣ ከዚያ እብስ። አንድ ቀን እንዲህ አለፈ። ሁለተኛውም። ጉልላት ነፋሱን ወቀሰ፣ ጫማውን ወቀሰ። የቀረው አንድ ጠዋት ብቻ ነበር፤ ዝም የሚልባቸውን እሑዶች በልቡ መቁጠር ጀመረ።

መሪያቸው በወጣትነቱ ጀርመን ፋብሪካ የሠራ ስፔናዊ አዛውንት ነው። ሁለተኛው ቀን ሲመሽ መጣና የጉልላትን ኮሌታ አሸተተ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ በጀርመንኛ።

ውብነሽ ጠጋ አለች። አንዴ በአፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጉልላት! ይሄን ጃኬት የት ነበር የሰቀልከው?»

«ኩሽና በር ላይ። እንዳልረሳው ብዬ ነዋ።»

«ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ስሠራ? ያ ሁሉ ሽንኩርት ሲቁላላ? ስንቴ ልንገርህ፣ ወጥ ሲሠራ ልብስ መኝታ ቤት ይገባል፣ በር ይዘጋል!»

ይህን ሕግ የማያውቅ የሐበሻ ቤት ፍራንክፈርት ውስጥ የለም። በባቡር ውስጥ ጎኑ የተቀመጠው ሽታውን ሸሽቶ ወንበር ሲቀይርበት ያልተማረ ሰው ካለ እሱ ጉልላት ነው።

«ታዲያ» አለ ጉልላት፣ «ዶሮ ወጥ ሸቶት የሚሸሽ ምን ዓይነት አጋዘን ነው?»

በመጨረሻው ጠዋት መሪው ጃኬቱን መኪና ውስጥ ቆለፈበት። ጉልላት በምንጭ ውኃ ታጥቦ፣ በጥድ ቅጠል ታሽቶ፣ በአንድ ሹራብ ብቻ ከአለት ኋላ ተንበረከከ። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ውብነሽ ከጀርባው ናት። ነፋሱ ከፊታቸው ይመጣል።

አጋዘኑ ከጥዶቹ መሐል ወጣ። ትንፋሹ ይጨሳል። መጣ፣ መጣ፣ አፍንጫውን አነሳ፣ ምንም አላገኘም፣ አሁንም መጣ። ጉልላት ቀስቱን ሳበ። ክንዱ ከብርድ ተንቀጠቀጠ። ጠበቀ። ክንዱ ጸጥ ሲልለት ለቀቀው።

አጋዘኑ ጥቂት ሮጠና ወደቀ።

ጉልላት ሊፎክር ብድግ ብሎ አፉን ከፈተ። ከተራራው የተረፈ ትንፋሽ ግን አልነበረውም፤ የወጣው ሳል ነው።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ቀንዱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ጉልላት ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ሰባ ሜትር ላይ ቆሞ...»

ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል እጃቸውን አነሱ። «ውብነሽ?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለች። «በአንድ ፍላጻ። አርባ እርምጃ ሮጦ ወደቀ።» ከዚያ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ መሪው አፍንጫ አንድም ሳትጨምር ነገረቻቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሰይፈ ገብርኤል መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ምላስህን አትርፈሃል» አሉት። «በል ተራው ያንተ ነው።»

ጉልላት ቆመ። እዚያች አዳራሽ ውስጥ የሚጨምረው ነገር ሲያጣ የመጀመሪያው ነው። ዞር ዞር ብሎ ፈለገ፤ በመጨረሻ አንድ አገኘ።

«ብርዱን አልነገረቻችሁም! ከዜሮ በታች ሃያ ነበር!»

«ሁለት ነበር» አለች ውብነሽ ሻይዋን እያማሰለች። «ከዜሮ በላይ።»