ከእሾኩ ወዲህ

ወልደተንሣኤ ከአረርቲ ገበያ የተመለሰው አህያውን እየነዳ ሳይሆን አህያው ጀርባ ላይ ተደፍቶ ነበር። ሚስቱ ታንጉት ከደጅ ሆና ስታየው የሰከረ መስሏት ልትቆጣ ቃል ጀምራ ነበር፤ ቀርባ ግንባሩን ብትነካው ግን እንደ ፍም አቃጠላት። እሷና አማቷ ወልደአረጋይ ደግፈው ጓዳ አስገቡት። የንጉሡ ከተማ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ከተዛወረ ወዲህ የአንኮበር ገበያ ስለቀዘቀዘ፣ ወልደተንሣኤ ጥጥ ፍለጋ ወደ ቆላው መውረድ አብዝቶ ነበር። የቆላ ንዳድ ነው፣ በላብ ይወጣለታል ብለው ተጽናኑ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ፊቱ ላይ ሽፍታ ወጣ። ወልደአረጋይ ጧፍ አስጠግተው አዩትና ወደ ምራታቸው ሳይዞሩ፣ «ታንጉት፣ ከጓዳው ውጪ» አሉ። «ከእንግዲህ እዚህ አትገቢም። እኔ ነኝ የማስታምመው።»

ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የሽማግሌው ፊት ራሱ ከግንባር እስከ አገጭ የተጠቃጠቀ ነበር፤ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ይዟቸው ተርፈዋል። አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ እንደማይዘው አገሩ ሁሉ ያውቃል። እሷን ግን ይዟት አያውቅም።

ወሬው ከቤቱ ቀድሞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት የመንደሩ ጭቃ ሹም ይሁኔ ሰዎች አስከትሎ መጣና በበሩ ላይ የግራር እሾህ አስከመረበት። ታንጉት ወደ ደጅ ሮጠች።

«ጋሼ ይሁኔ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«አትቀየሚን እኅቴ» አለ፣ ጋቢውን በአፍንጫው ላይ እንደጠመጠመ። «ውኃም ዱቄትም እዚህ እናኖርላችኋለን። ብቻ ማንም እንዳይወጣ።»

«እኔ እኮ ደህና ነኝ። ይኸው ገላዬን እይ!» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችው።

«ዛሬ ደህና ነሽ» አለ ይሁኔ። ሊያይ ግን አልቀረበም።

«እስከ መቼ ነው?»

ሰዎቹ የመጨረሻውን ቅርንጫፍ በረጅም መንሽ ገፍተው ካስተካከሉ በኋላ ሄዱ። የታንጉት ዓለም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ክብ ቤት፣ አንድ በረትና በካብ የታጠረች ጠባብ ግቢ ሆነች።

መጀመሪያ ሰሞን በሥራ ልታመልጠው ሞከረች። ለዓመታት ሲሰነጠቅ ያየችውን ግድግዳ ለመምረግ ጭቃና እበት አቡክታ ከመሬት እስከ ጣሪያ ለሰነችው። የላላውን አልጋ ጠፍር አውልቃ እንደገና ወጠረችው። መደቡን አስተካከለች፣ ጎታውን ደፈነች፣ ምጣዱን አሰሰች። አክርማና ስንደዶ ነበራትና ሰፌድ መስፋት ጀመረች፤ ሣሩ ሲያልቅባት የሰፋችውን ፈትታ እንደገና ሰፋችው። ከዚያም እንደገና ፈታችው። ሥራው ሲያልቅ ግን ቤቱ ያው ቤት ነበር። ይልቁንም ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ በስንጥቁ የሚገባው ትንሽ የውጭ አየር እንኳ ቀረባት።

ኅዳር ነበር። የደብረ ብርሃን ሜዳ ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ገብስ ለማጨድ ደቦ የወጡት ሰዎች ዜማ በካቡ ላይ አልፎ ይመጣል። ታንጉት የእያንዳንዱን ሰው ድምፅ ትለያለች። ማን እንደሚያቀነቅን፣ ማን ዘግይቶ እንደሚቀበል ታውቃለች። እጇ ማጭድ እስኪናፍቅ ድረስ ግቢው መሀል ቆማ ትሰማለች። ከጓዳው ደግሞ የባሏ ማቃሰትና የአማቷ ዝግ ያለ ድምፅ፣ «አትከከው ልጄ፣ አትከከው» ሲሉ ይሰማታል። ጠዋት ስትነቃ ከሁሉ አስቀድማ ወደ በሩ ብርሃን ወጥታ ክንዷንና ደረቷን ትመረምራለች። የቁንጫ ንክሻ ያየች ቀን እስከ ማታ እህል አልቀመሰችም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከብት ወደ በረት በሚገባበት ሰዓት፣ አልቻለችም። ወልደአረጋይ ጓዳ ሳሉ በቤቱ ጀርባ ያለውን ካብ ወጣችና ዘለለች። ጎንበስ ብላ በአጃው ማሳ ጥግ ለጥግ ወደ ወንዙ ሮጠች። ከወንዙ ማዶ ያደገችበት ቤት ነው፤ ጢሱ ይታያል። ከወንዙ ዳር ደግሞ እናቷ ወለተሐና እንስራዋን ሞልታ ልትነሣ ስትል ደረሰች።

«እማዬ!» አለች ታንጉት፣ እግሯን ውኃው ውስጥ እያስገባች።

ወለተሐና ቀና አለች። ፊቷ መጀመሪያ በራ፤ ወዲያው ጠቆረ። «አትሻገሪ!»

«ምንም አልሆንኩም እኮ። ቤት አልገባም፤ በረት ውስጥ ከከብቱ ጋር እተኛለሁ። እዚያ ቤት ልሞት ነው እማዬ፣ አየር የለም።»

«የወንድምሽ ልጆች አሉ፤ ትንሿ ገና ጡት አልጣለችም። ተመለሽ ወለላዬ፣ በማርያም ተመለሽ።»

«ባልመለስስ?»

ወለተሐና ጎንበስ ብላ ከወንዙ ዳር ድንጋይ አነሣች። አልወረወረችም። ግን አልጣለችውም። ከዚያ ታንጉት እግሯን አወጣችና በመጣችበት ተመለሰች። ካቡን መውጣት ከመዝለሉ ይልቅ ከበዳት።

ወልደአረጋይ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የረጠበ ቀሚሷን አዩ፤ የተላጠ ጉልበቷን አዩ። ቁጣ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን፣ «እሳቱ አጠገብ ሁኚ፣ ብርድ ይመታሻል» ብለው ወደ ልጃቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ወልደአረጋይ ቆጥ ላይ ወጥተው አንድ ነገር ሲጎትቱ ሰማች። ጥላሸት የለበሰ የእንጨት እስር ይዘው ወረዱ። ቁርበቱን ሲፈቱት ውስጡ የሸማኔ ዕቃ ነበር፤ መወርወሪያው በአገልግሎት ብዛት እንደ ቀንድ ለስልሷል።

«አባባ፣ ይህ የማን ነው?» አለች።

«የእኔ።» በሩ አጠገብ፣ ብርሃን በሚያገኘው ቦታ፣ በመቆፈሪያ ወለሉን ይምሱ ጀመር። «ሸማኔ ነበርኩ። የወልደተንሣኤ እናት ወገኖች ለሸማኔ ልጃችንን አንሰጥም ቢሉኝ ትቼ ሞፈር ጨበጥኩ። ማቃጠሉ ግን አላስቻለኝም፤ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እሷም እስክትሞት ድረስ እዚያ እንዳለ አላወቀችም።»

ታንጉት በዚያ ቤት በኖረችባቸው ዓመታት ከአማቷ አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሰምታ አታውቅም። ስልቻ ሙሉ የበግ ጠጉር ነበራቸው። እሷ በደጋን ነደፈች፣ ፈተለች፤ እሳቸው የሸማኔ እግር የሚገባበትን ጉድጓድ ቆፍረው ዕቃውን ተከሉ። ድሩን ሊዘረጉ ሲሉ ግን ጣታቸው ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውም ፈትሉን ከፈትል መለየት አቃተው። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ተቀመጡ።

«ነይ ውረጂ» አሏት።

«የት?»

«ጉድጓዱ ውስጥ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

ታንጉት ደነገጠች። «ሴት ስትሸምን ማን አይቶ ያውቃል? ሰው ምን ይለኛል?»

«የትኛው ሰው?» አሉ ወልደአረጋይ፣ በሩን እየጠቆሙ። «ደጃችን በእሾህ ተዘግቷል። ማን ገብቶ ሊያይሽ ነው?»

ወረደች። መጀመሪያ ላይ እግሯ ሲረግጥ እጇ ይዘነጋል፤ እጇ ሲወረውር እግሯ ይጠፋባታል። ድሩ ተበጠሰ፤ ቀጠለችው። እንደገና ተበጠሰ። «ቸኮልሽ» ይላሉ ሽማግሌው ከኋላዋ። «ማጉን አትጎትቺው፣ ተዪው ራሱ ይተኛ።» ከጓዳው ወልደተንሣኤ፣ «ያንን ቋቋታ ዝም አሰኙልኝ! ራሴን ሊፈልጠው ነው!» ብሎ ጮኸ። አቆመች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «ለምን ተዋችሁት? ዝምታው ይብሳል» አለ። ቀጠለች።

እንዲህ ሆነ ቀኑ። ታንጉት ጠዋት ገላዋን መርምራ፣ ከእሾኩ ሥር ውኃና ዱቄቱን አምጥታ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ትገባለች። ከውጭ የደቦው ዜማ ሲመጣ አሁንም አንዳንዴ መወርወሪያውን እንደያዘች ዕንባዋ በድሩ ላይ ይንጠባጠባል። እናቷ ያነሣችው ድንጋይ በየሰዓቱ ይታያታል። ግን የምትሸምነው የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ ረዘመ። በጥቁር ጠጉር ጠርዝ አደረገችበት፤ ከዚያ ሽማግሌው ሳያዟት ከነጩ መሀል ሁለት ጥቁር መስመር አስገባች። ወልደአረጋይ አዩትና በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን አሳየሽ?»

«ማንም። እንዲህ ቢሆን ብዬ ነው።»

መስመሩን ደግመው ዳሰሱትና፣ «ይሁን» አሉ። የተጠቃጠቀው ፊታቸው ላይ ፈገግታ ስታይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

የወልደተንሣኤ ሕመም የባሰበት ቀን ቤቱ ጸጥ አለ። ማቃሰቱን ተወ። ወልደአረጋይ ከአጠገቡ አልተነሡም፤ ታንጉት ከጓዳው መጋረጃ ማዶ ቆማ፣ «አባባ፣ ይተነፍሳል?» ትላለች፤ «ይተነፍሳል» ይሏታል። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ልማዱ ሳይሆን ተሰብሮ መጣ፦ «አንቺ ሥራሽን ሥሪ። እኔም ሌላ ነገር ልስማ።» ገብታ ሸመነች። ምን እንደምትሠራ አላየችም፤ ዝም ብላ ረገጠች፣ ወረወረች፣ መታች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከመጋረጃው ውስጥ የደከመ ድምፅ፣ «ውኃ» አለ። የዚያን ቀን የሸመነችው ሁሉ የተጣመመ ነበር። አልፈታችውም።

ቅርፊቱ ረግፎ ሲያልቅ ይሁኔ መጣና በሩቅ ሆኖ ወልደተንሣኤን አስወጥቶ አየው። እሾኩ ተነሣ። ታንጉት ላይ ምንም አልወጣባትም፤ እንዴት እንደተረፈች እሷም አታውቅም። ይሁኔ ግን ከደጅ ሳይንቀሳቀስ፣ «ልብስና ምንጣፍ፣ በቤቱ ያለው ጨርቅ ሁሉ ይቃጠል። ለሁላችንም ሲባል ነው» አለ።

«ባናውን ግን በሽተኛው አልለበሰውም» አለች ታንጉት።

«የቱን ባና?»

ማን ሸመነው ብሎ እንዳይጠይቃት ታንጉት ወሬዋን አቋረጠች። ከዚያ ወልደአረጋይ ገቡና ባናውን ከመጠቅለያው እንጨት ቆርጠው አወጡት። ግቢው መሀል ከአሮጌው ቁርበትና ከባሏ ኩታ ጋር እሳት ውስጥ ጣሉት። የሱፍ ጢስ ይሸታል፤ ግቢው እስከ ማታ ያንን ሲሸት ዋለ። ታንጉት ጥቁሮቹ መስመሮች ከነጩ ቀድመው ይጠፉ እንደሆነ ቆማ አየች። እኩል ነው የጠፉት።

እናቷ በማግስቱ እንጀራና የቅቤ ቅል ይዛ መጣች። የተከፈተው በር ላይ ስትደርስ አልገባችም፤ እዚያው ቆመች። «ያን ዕለት» ብላ ጀመረች፣ መጨረስ ግን አቃታት።

«አውቃለሁ» አለች ታንጉት። «የሕፃኗ ነገር ነው።» ቅሉን ተቀበለቻት። ተሳሳሙ፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተነካኩ ማለት ይቀላል። ታንጉት ወደ እናቷ ቤት ለመሄድ ስንት ቀን ስትመኝ ኖራ፣ «ነይ ከእኔ ጋር ሰንበቺ» ስትባል፣ «ሌላ ጊዜ» ብላ መለሰች።

ከቤት የማይወጣው አሁን ወልደተንሣኤ ሆነ። በገበያ በሜዳው ሁሉ የሚታወቅ፣ ሳቁ ከፊቱ የሚቀድም ሰው ነበር፤ ፈንጣጣው ግን ፊቱን እንደ አባቱ አጠቃጥቆት ሄደ። ጎረቤት ሊጠይቀው ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

«እኔ በዚህ ፊት አግብቼ ወልጄበታለሁ» አሉት አባቱ።

«እርስዎ ልጅ ሳሉ ነው የያዘዎት። ከዚያ በፊት ሌላ ፊት እንደነበረዎት የሚያስታውስ የለም» አለ።

ታንጉት አዲስ የበግ ጠጉር አጥባ አሰጣች፤ ሲደርቅም ነደፈችው። ጉድጓዱ አልተደፈነም ነበር። ድሩን በዘረጋችበት ቀን ገና ጥቂት እንደሸመነች ከመንገዱ የሴቶች ወሬ ሰማች፤ ከወንዝ የሚመለሱ ናቸው። ዘልላ ወጥታ በሩን ዘጋችው። ቤቱ ጨለመ። ወደ ጉድጓዱ ተመልሳ ድሩን ብትፈልገው አይታይም፤ በእጇ ትዳስስ ጀመር። እሾኩ ተነሥቶም፣ በሩን በገዛ እጇ ዘግታ እዚያው ጨለማ ውስጥ እንዳለች ታወቃት።

«ክፈቺው» አለ ወልደተንሣኤ ከአልጋው ላይ።

«ሰው ያየኛል።»

«ክፈቺው አልኩሽ። በዳበሳ ልትሠሪ ነው?»

መልስ ሳትሰጠው ተነሣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ግድግዳውን እየተደገፈ ሄዶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ከዚያ በርጩማውን ጎትቶ ደጃፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ሰፊ ጀርባውን ወደ ቤቱ አድርጎ ተቀመጠ። ከመንገድ የሚያይ ሰው እሱን እንጂ ውስጡን አያይም። ብርሃኑ በራሱ ላይና በጎኑ አልፎ ድሩ ላይ አረፈ።

የሴቶቹ ወሬ ቀረበና ፊት ለፊቱ ሲደርስ ቀጥ አለ። ታንጉት መወርወሪያውን ጨብጣ ጠበቀች።

«እንዴት አደርክ ወልደተንሣኤ» አለች አንዷ፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

ወልደተንሣኤ እጁን ወደ ራሱ አንሥቶ የጋቢውን ክንንብ ወደ ኋላ ገፈፈው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ። «እናንተስ እንዴት አደራችሁ?»