ቁርስን ጨምሮ

እናቴ ወርቅዬ ኢየሩሳሌምን የፈለገቻት ለከፈኗ ብላ ነው። የእኛ ሰዎች ለመሳለም ሲሄዱ መገነዣ ጨርቃቸውን ይዘው ይሄዱና የጌታ ሥጋ ያረፈበትን ድንጋይ አስነክተው ይመለሳሉ። እሷም ነጭ አቡጀዲ ከካርቲየ 5 ገበያ ገዝታ፣ አጥባ፣ ዳር ዳሩን በእጇ ቀምቅማ አስቀምጣ ነበር። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ሞት አያስፈራትም፤ በተራ ጨርቅ መቀበር ነው የሚያስፈራት።

ለ2015 ፋሲካ ታላቅ ወንድሜ ሀይለየሱስ ሊወስዳት ተነሳ። ገንዘቡ የእሷ፣ መሄዱ የሁለቱ። ሄሮን ሰፈር ወዳለ የጉዞ ቢሮ ሦስታችንም ሄድን፤ ያስተናገደችን ሙንተሃ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ናት።

"ሆቴሉ ሁለት ዋጋ አለው" አለች። "አንዱ ብትቀሩ ገንዘቡ ይመለሳል፣ አንዱ አይመለስም። የማይመለሰው በአሥራ ሁለት ሺህ ፍራንክ ይረክሳል። ለእማማ ግን የሚመለሰው ይሻላል።"

"የማይመለሰውን ስጪን" አለ ወንድሜ። "ለምን ብለን እንቀራለን?"

"እንግዲያው የጉዞ መድን ግቡ። ቢታመሙ፣ አጥንት ቢሰበር፣ እዚያ ቢያርፉ አስከሬኑን…"

እማዬ አማተበች። "በስመ አብ! ምን አደረግኩሽ ልጄ? ምነው ታሟርቺብኛለሽ?"

ሀይለየሱስ የሚፈልገው ይህቺኑ ነበር። "እናቴ ላይ አታሟርቺ!" ብሎ ቅጹን ገፋው። እሱ እቴ፣ ሟርት የት ያውቃል! ለሱቁ ዕቃ በየዓመቱ መድን ይገባል። ግን ቅጹን አንስቼ ለሙንተሃ መለስኩላት። ከሚተርፈው ስልክ ሊገዛልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር።

ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው እማዬ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ሙንተሃ ሆቴሉ ድረስ ደውላ ለመነችልን። አንድ ሳንቲም አንመልስም፣ ቀንም አንቀይርም አሏት።

"ተወው ልጄ" አለች እማዬ ከተኛችበት። "ሲሻለኝ አብረን እንሄዳለን።"

"በምን ገንዘብ? ሟርት ነው ያልሽው አንቺ! ቢያንስ እኔ ልሂድበት እንጂ።"

አለቀሰች። ከዚያ ጨርቁን ከትራሷ ሥር አውጥታ ሰጠችው። "እሺ፣ እሱን ብቻ አስነካልኝ። ሌላ ምንም አልልህም።" እጁን ስባ ሳመችው። እናት የልጇን እጅ!

በስምንተኛው ቀን ፊቱ ወዝቶ፣ ጉንጩ ሞልቶ መጣ። ሻንጣውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከፈኑ የሽቶ ጠርሙስ ተጠቅልሎበታል። ክዳኑ ላልቶ ስለነበር ጨርቁ ርሷል።

"ሽቶው ያንቺ ነው" አለኝ። "እንዳይሰበር ብዬ ነው የጠቀለልኩት።"

"ድንጋዩን አስነካኸው?"

"ሰልፉን ባየሽው! ጠዋት ካልሄድሽ አይደርስሽም። ቁርሱ ደግሞ ጠዋት ነው። የተከፈለበትን ቁርስ ጥዬ ልውጣ?"

"ሰባቱንም ቀን?"

"ሰባቱም ተከፍሎበታል።"

ልሰድበው አፌን ስከፍት እማዬ ከጓዳ ተጣራች። "መጣ? አምጡልኝ!" ሀይለየሱስ ጨርቁን ከእጄ ነጥቆ ገባና ደረቷ ላይ አኖረላት። አንስታ አሸተተችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ድንጋዩን ሽቶ ይቀቡታል ሲባል እሰማ ነበር። እሱ ነው አይደል?"

"እሱ ነው እማዬ።"

ወደ እኔ ዞረች። ልጇን ታውቀዋለች፤ እኔን ነበር የምታምነው። "እውነቱን ነው፣ ዝማሬ?"

"እውነቱን ነው" አልኩ። ጠርሙሱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ሞተች፤ በዚያው ጨርቅ ተገነዘች። የገነዟት ሴቶች በጨርቁ መዓዛ ተገርመው "የታደለች!" እያሉ አለቀሱ። ስልኩን እስከ ዛሬ አልገዛልኝም። ሽቶው ግን ደህና ሽቶ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እቀባዋለሁ። አጠገቤ የሚቆሙት እነዚያው ሴቶች ጠጋ ይሉና "እናትሽን እናትሽን ትሸቻለሽ" ይሉኛል።