የደሴ ቆንጆዎች

በላቸው እግሩ ጫማ ያየው ጣልያን ደሴ ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ይህ ነው የሚባል ሥራ አልነበረውም። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ምላሱ ፈጣን ነው፣ ከካሚዮን ነጂዎች ጋር ሲውል ጣልያንኛ ለቃቀመ፤ ያ ነው ሙያው። የለቃቀመው ቋንቋ ሲኞር ብሩኖ ከሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ አስገባው። ሲኞር ብሩኖ ፒያሳ ላይ ትልቅ የመስተዋት መስኮት ያለው ሱቅ ከፍቶ፣ ወታደሮች ለእናቶቻቸውና ለእጮኞቻቸው የሚልኩትን ምስል ያነሳ ነበር።

እያደር ግን ወታደር ማንሳት ሰለቸው። ወታደር ሁሉ ደረቱን ነፍቶ፣ ጺሙን አሹሎ ነው የሚቆመው። ሲኞር ብሩኖ ሰው ተቀባብሎ የሚስቅበት፣ በፖስታ አገሩ ድረስ የሚሄድ ነገር ፈለገ።

«ፊት አምጣልኝ» አለው በላቸውን። «ቆንጆ ግን አይደለም። ቆንጆ አገሬም ሞልቷል።»

በላቸው ገባው። እንዲህ ያለው ነገር ሲሆን ቶሎ ይገባው ነበር።

ሰኞ ሰኞ ገበያ ይወርዳል። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ፣ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ፈንጣጣ ፊቱን የበሳው ሰው ሲያይ፣ እንደ ዘመድ ልጅ ተሽቆጥቁጦ ይጠጋና «ሐኪም መጥቷል፤ በመሣሪያ አይቶ መድኃኒት ይሰጣል» ይላል። ይህን ውሸት ሲኞር ብሩኖ አላስተማረውም። ራሱ በላቸው ነው የፈጠረው፤ በፈጠራውም ይኮራ ነበር። ሌላው ሰው ሲዋሽ ለሆዱ ነው፣ ወይ ፈርቶ ነው። ይሄ ግን አንድ ነጭ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «ብራቮ» እንዲለው ነበር የሚዋሸው።

ሐዋን ያገኛትም እንደዚሁ ነው። ሐዋ የገራዶ ሴት ናት። ነጭ ሽንኩርት ይዛ ደሴ ትወጣለች። አንገቷ ላይ የሕፃን ራስ የሚያህል እንቅርት አለባት፤ እሱን በሻሽዋ ጫፍ ሸፍና ነው ከሰው ጋር የምትነጋገር። ከባሏ በቀር አንገቷን ያየ ወንድ የለም።

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ይድናል» አላት በላቸው፣ እንቅርቷን በዓይኑ እያመለከተ።

ሐዋ ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተከተለችው። ሱቁ ውስጥ ባለሦስት እግር መሣሪያ ቆሟል። ሲኞር ብሩኖ ጥቁር ጨርቅ ውስጥ ራሱን ቀብሮ አየችው፤ ሐኪም እንዲህ ነው የሚያየው ብላ አመነች። በላቸው ሻሽሽን አውልቂ አላት። አመነታች።

«ሐኪም ነው፣ ምን ያሳፍራል?»

አወለቀች። ቀና በይ አላት፣ ቀና አለች። አፍሽን ክፈቺ አላት፣ ከፈተች። ከጨርቁ ሥር ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማች፤ ሳል ነው ብላ ተወችው። ሲያልቅ ሻሽዋን አስራ፣ በላቸውን በሁለት እጇ መረቀችው። «አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ እናትህን ደስ ያሰኝልህ፣ ልጄ። ለመድኃኒቱስ መቼ ልምጣ?»

«ሰኞ» አላት። ለምርቃቱም «አሜን» አለ። አሜን ሲል አፉ አልተደናቀፈም።

ሰኞ ሐዋ መጣች። ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል፣ ይሳቃል። ተራ እየጠበቁ ያሉ በሽተኞች መሰሏት፤ ተጋፍታ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። መስኮቱ ላይ ብዙ ፊት ተሰቅሏል። መሀል ላይ፣ ከሁሉ ልቆ፣ የራሷ አንገት፣ የራሷ የተከፈተ አፍ። ከሥሩ በጣልያንኛ ተጽፏል። በላቸው በሩ ላይ ቆሞ እንደ ሐራጅ ሻጭ እየጮኸ ይተረጉማል።

«የደሴ ቆንጆዎች ይላል! ኑ፣ የአገራችሁን ቆንጆዎች እዩ!»

የሚስቀው ጣልያን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዋ ምናልባት ዝም ብላ ትመለስ ነበር። የደሴ ሰው ነበር የሚስቀው። የራሱ እናት፣ የራሱ አክስት እንቅርት ያለባት ሰው፣ መስተዋት ስለጋረደው ብቻ እንደ ትዕይንት ቆሞ ይስቃል። ከፊት ለፊት ደግሞ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር የሚስቅ አንድ የቦሩ ሜዳ ሰው አለ። ዘይኑልአቢዲን ይባላል። የሐዋ ልጅ ከሪማ ለእሱ ልጅ ታጭታ፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር።

ዘይኑልአቢዲን እንባውን ሊጠርግ ዘወር ሲል ሐዋን ከኋላው አገኛት።

«ሐዋ... ወላሂ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም!»

«ስላላወቁኝ ነው የሳቁት?»

«አላህን፣ ባውቅ ኖሮ አፌም አይከፈት።»

«እንግዲያ ሌላ ሴት ብሆን ደግ ነበር?» አለችው። ሐዋ አማቿ ሊሆን የነበረውን ሰው ሁልጊዜ በእርስዎ ነበር የምታናግረው። ያን ጊዜ ተወችው። «ለልጅህ ሌላ ቤት ፈልግ። በማያውቃት ሴት ገላ የሚስቅ ሰው ቤት ልጄን አላስገባም።»

ከዚያ ወደ በላቸው ዞረች። «መድኃኒቱስ?»

በላቸው ሰው ፊት ነውና መሳቂያ ሊያደርጋት ፈለገ። «ሳቅ ነው መድኃኒቱ! ብዙ ሰው በሳቀልሽ መጠን እንቅርቱ ይሟሽሻል።»

ማንም አልሳቀለትም።

«ፊቴን አውርድልኝ።»

«ፊትሽ የሲኞር ነው» አለና በክርኑ ገፋ አደረጋት። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተበተነ። ከመሳቁ ለመጥፋቱ ይፈጥናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሁልጊዜም እንዲሁ ነው።

ከሱቁ ማዶ ፀሐይነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። ባለፈው ቀን መስኮቱን አይታ እሷም ስቃለች። አሁን ወጥታ ሐዋን በእጇ ይዛ አስገባቻት፤ ጠላ እንደማትጠጣ ታውቃለችና ውኃ ቀዳችላት።

«እኔም የኮምቦልቻ ነኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ይሄንን ልጅ ከነእናቱ አውቀዋለሁ። እናቱ የኔነሽ ይባላሉ። ፈንጣጣ አንድ ዓይናቸውን ወስዶ ፊታቸውን በስቶታል። ነጩ ለሥዕል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ይሄ ቀድሞ ይሄድና ከጓዳ እንዳይወጡ ይነግራቸዋል። ደጁን ዘግቶባቸው ነው የሚመጣ።»

ሐዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች። እስከዚያ ድረስ ልጁን ቂል ነው፣ የሚሠራውን አያውቅም ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። የገዛ እናቱን ፊት የደበቀ ሰው ግን የሚሠራውን አሳምሮ ያውቃል።

ወደ ገራዶ አልተመለሰችም። ሽንኩርቷን ባገኘችው ሽጣ፣ በሐረጎ ቁልቁለት ከነጋዴዎች ጋር ወረደች፤ በማግሥቱ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ የየኔነሽን ቤት ጠይቃ አገኘች። በመንገድ ላይ የምትሳደበውን ስድብ ስታዘጋጅ ነበር። በሩን የከፈቱላት ግን ልጃቸው የሚወዳቸው የመሰላቸው ደስተኛ አሮጊት ናቸው።

«የደሴ ሰው ነሽ? በላቸውን ታውቂዋለሽ? ደኅና ነው?»

ስድቡ ጠፋባት። «ደኅና ነው» አለች። «ልጅዎ ምን እንደሚሠራ ያውቃሉ?»

«ከነጩ ጋር ጽሕፈት ነው አለኝ። እኔንማ እንዴት እንደሚሳሳልኝ! ጣልያን ሲመጣ ክፉ እንዳያገኘኝ ዘግቶብኝ ነው የሚሄድ።»

ሐዋ ሻሽዋን ፈታች። እንቅርቷን አሳየቻቸው፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ሐኪሙን፣ ምርቃቱን፣ መስኮቱን። አሮጊቷ በአንድ ዓይናቸው እያዩዋት እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ፊታቸው ላኩ፤ ጉድጓድ ጉድጓዱን በጣታቸው ዳበሱት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳገኘው ሰው።

«አፍሮብኝ ነው እንጂ ሳስቶልኝ አይደለም በይኛ» አሉ።

«እኔ እንዲያ አላልኩም፣ እማማ።»

«አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩ።» ተነሱ። «ነገ አብሬሽ እወጣለሁ።»

ጉልበታቸው ደካማ ነው፤ ሐዋ ከአንድ ነጋዴ አህያ ለምና አወጣቻቸው። ፒያሳ ሲደርሱ ፀሐይነሽ ከደጇ አየቻቸውና ነጠላዋን ጎትታ ተከተለቻቸው።

ሲኞር ብሩኖ መሣሪያውን ይወለውላል። በሩ ተከፍቶ አሮጊቷ ሲገቡ ቀና ብሎ አያቸው፤ ፊቱ በራ። ገዢ ሳይፈልገው የመጣለት ዕቃ ነው። በላቸው ጠርሙስ ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ፤ እዚያው ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ሰውዬ ፊት ይወዳል ሲሉ ሰምቼ መጣሁ» አሉ የኔነሽ። «የኔንም ይየው።» ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ሲኞር ብሩኖ ወደ በላቸው ዞሮ በጣልያንኛ ጠየቀው፤ ታውቃታለህ ወይ ማለቱ ነው።

በላቸው እናቱን አያቸው። ሐዋን አየ፣ ፀሐይነሽን አየ። ከዚያ ጌታውን አየ።

«ኖ» አለ።

ያን ጊዜ ደሴ ውስጥ ኖ ማለትን የማያውቅ ሰው አልነበረም። የኔነሽም ያውቁታል።

ሐዋ «አንተ...» ብላ ልትጮህ ስትል አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ። «ተይው፣ እታለም። አላውቃትም አለ፤ በቃ።»

ሲኞር ብሩኖ ጨርቁ ውስጥ ገባ። ቀና ትበል፣ ዓይኗ ወደ ብርሃኑ ይዙር አለ። በላቸው ሊያመልጥ ይችል ነበር። በሩ ክፍት ነው። ጠርሙሱን ጥሎ መውጣት ማንንም አያስገድልም፤ የሚያጣው ያን ጫማ ብቻ ነበር። ጠርሙሱን በጥንቃቄ አስቀምጦ ወደ ወንበሩ ሄደ።

«ሴትዮ» አለ። «ሻሽሽን አውልቂ።»

አወለቁ። አገጫቸውን በጣቶቹ ይዞ ወደ ብርሃኑ አቀናው። እሳቸው ዓይናቸውን ከፊቱ አላነሱም፤ እሱ ግን ጆሯቸውን ነበር የሚያይ። መሣሪያው ቀጭ አለ። ሲኞር ብሩኖ ከጨርቁ ወጥቶ «ብራቮ» አለ፤ በላቸውም፣ ልማድ ሆኖበት፣ ፈገግ አለ።

የኔነሽ ሻሻቸውን አስረው ወጡ። በመንገድ ላይ አላለቀሱም። ፀሐይነሽ ነች ያለቀሰችው።

ምስሉ መስኮቱ ላይ ከሐዋ አጠገብ ተሰቀለ። የሰቀለውም በላቸው ነው፤ ጠዋት ጠዋት መስተዋቱን የሚወለውለውም እሱ ነው። ወሬው ግን ከፀሐይነሽ ጠላ ቤት ወጥቶ እስከ ሆጤ ሰፈር ተዳረሰ። ሰው እንደገና መሰብሰብ ጀመረ፤ ምስሎቹን ግን የሚያይ የለም። እናቱን የሚወለውለውን በላቸውን ነው የሚያይ። «ቆንጆው መጣ» ይላሉ። እነዚያው የፊተኞቹ ሳቂዎች ናቸው፤ ቅንጣት አልተሻሉም፣ የሚስቁበትን ብቻ ለወጡ።

ሲኞር ብሩኖ የሰዉ ሁኔታ ገርሞት ሌላ አስተርጓሚ ጠርቶ ምክንያቱን ጠየቀ። ሲነገረው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ፤ እስኪያስለው ሳቀ። መኮንኖች ጓደኞቹን ጠርቶ በላቸውን ከእናቱ ምስል ጎን አቆመው፣ ፊታቸውንም እንዲያስተያዩ በጣቱ እያመለከተ አስረዳቸው። ከዚያ መሣሪያውን አመጣ።

«ሳቅ!» አለው።

በላቸው ሳቀ። ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ነው የሳቀው። ያ የፖስታ ካርድም እንደ ሌሎቹ በመርከብ ተሻገረ። የሐዋ አንገት፣ የየኔነሽ ዓይን፣ የበላቸው ጥርስ ማን ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ክረምቱ ሲወጣ ሲኞር ብሩኖ ወደ አስመራ ሄደ። መስተዋቱን ነቅሎ፣ ምስማሩን ሳይቀር ለቅሞ ጫነ። በላቸውን ተወው።

በላቸው ጥቂት ቀን ደሴ ውስጥ ሥራ ፈለገ፤ የሚያናግረው አጣ። በመጨረሻ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። እናቱ ደጅ ላይ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ሲያዩት እንደ ሹም ተነሱለት።

«ጤና ይስጥልኝ። ይግቡ እንጂ፣ እንግዳ አይደሉ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«ፀሐይ ነው፤ ይግቡ።» የሚቀመጥበትን አነጠፉለት። ውኃ አምጥተው አስታጠቡት፤ እንጀራ አቀረቡለት። እጁን ሊይዝ ሲል በጨዋነት ሸሹት። በላቸው ማልቀስ ጀመረ።

«እማዬ፣ ስደቢኝ፤ ምቺኝ። እንዲህ አታናግሪኝ።»

«ይብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አሉት።

እያለቀሰ በላ። ርቦት ነበርና ሁሉንም ጨረሰው። እናቱ ሰሃኑን አንስተው፣ ውጭ ወጥተው ጥላውን አዩ።

«የሩቅ አገር ሰው ከሆኑ ሳይመሽብዎት ይነሱ» አሉ። ጥጣቸውንም ወደ መፍተሉ ተመለሱ።