በወንፈል የወደቁ

ባለቤቴ ሰማው ቢቸና መሐል ከሚሠራው ሕንፃ መወጣጫ ላይ ሲወድቅ ራሱ ላይ ምንም አልነበረም። ፎቶ ሲነሳ ግን ሄልሜት አጥልቋል። ግቢው ውስጥ ያለችው ሄልሜት አንዲት ናት፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቢሮው ግድግዳ ላይ ትወርዳለች። ያን ቀን ሰማው እግሩ ታጥፎበት አሸዋ ላይ እያቃሰተ እንደ እንግዳ ተቆጥሮ አጠለቁለት። ምሳውን ይዤ ስደርስ ፎርማኑ ስልኩን ደግኖ «ትንሽ ቀና በል» ይለዋል። ምሳውን ፎርማኑ ላይ ደፋሁት፤ እስከ ዛሬም አልጸጸተኝም።

የሕንፃው ተቋራጭ ኢንጂነር ሐብታሙ የሞጣ ሰው ነው። ሰማው ሲወድቅ ከመወጣጫው ሥር ቆሞ ስልክ ያወራ ነበር። ዘሎ ባይሸሽ ኖሮ ሰማው የሚያርፈው እሱ ላይ ነበር።

ሐኪሞቹ እግሩ ባሕር ዳር ሄዶ በብረት ካልተያዘ ተጣሞ ይገጥማል፣ ከዚያ ወዲያ ሞፈር መጨበጥ የለም አሉን። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ጥማድ በሬና የጤፍ ማሳ ነው። ስለዚህ ሞጣ ድረስ ሄጄ የሐብታሙን በር መታሁ። ራሱ ከፈተልኝ።

«ሰማው የሚባል ሠራተኛ የለኝም» አለኝ።

«ፎቶ ያነሳችሁትሳ?»

«እሱማ ሄልሜት አድርጓል። ሄልሜት ያደረገ ሰው ምን ይሆናል?»

ተመልሼ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር ማመልከቻ ወደሚጽፉት ወደ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ሄድኩ። አለቃ ቆባቸውን አስተካክለው፣ «ልጄ፣ መንገዱስ ሞልቷል» አሉኝ። «ሠራተኛው እንደነበረ ካስረዳሽ፣ አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ያሳክማል። ሠራተኛው አይደለም ከተባለ፣ መወጣጫውን አላጠበቀም ብለሽ በጥፋቱ ካሳ ትጠይቂያለሽ። ያም ከጠበበሽ ሽማግሌ አለ። ለመሆኑ ምስክር አለሽ?»

ምስክርማ ግቢ ሙሉ ነበር። ስጠይቃቸው ግን አንዱ ሳይቀር፣ ሰማው በወደቀባት ደቂቃ ፊቱን ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አዙሮ ይሳለም ነበር አለኝ። እንዲህ ያለ መንፈሳዊ የግንባታ ቦታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል የሚባለው እውነት ነው።

ያለ ምስክርም ቢሆን አለቃ ክሱን ጻፉልን፤ ክረምቱ አልፎ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ዳኛ ጸደንያ ፊት ቀረብን። ሰማው በክራንች፣ ሐብታሙ ከጠበቃው ጋር። ዳኛዋ ሰማው ሠራተኛው እንደሆነ ሐብታሙን ጠየቁት።

«አይደለም፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። እኔ ሠራተኛ የለኝም፤ እሱም ሌላውም በወንፈል ነው የመጣ።»

ወንፈል እንግዲህ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ አንተ ደግሞ በተራህ የእኔን ታጭዳለህ ማለት ነው። ገበሬ ከገበሬ ጋር የሚገባው ነገር ነው። ባለ ፎቅ በወንፈል ሲሠራ ቢቸና አይታ አታውቅም።

«ሲወድቅ አይተዋል?» አሉት ዳኛዋ።

«አላየሁም። ድምፅ ብቻ ሰማሁ።»

ልጮህ አፌን ስከፍት ሰማው በክራንቹ እግሬን ጫን አደረገው።

ዳኛ ጸደንያ መነጽራቸውን አውልቀው ሐብታሙን አዩት። «ወንፈል ከሆነ ይመለሳል። መልሰዋል?»

ሐብታሙ ጠበቃውን አየ። ዳኛዋ ወደ ሰማው ዞሩ። «ጤፍህ ደርሷል?»

«ደርሷል፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። የሚያጭደው ነው የጠፋ።»

«ሰዎች እልክለታለሁ» አለ ሐብታሙ ፈጥኖ።

«ሠራተኛ የለኝም ብለዋል። ማንን ነው የሚልኩት?»

ጠበቃው እጅጌውን ጎተተው። ሁለቱ ጆሮ ለጆሮ ተንሾካሾኩ። ሠራተኛ አለኝ ከማለት ጤፍ ማጨድ እንደሚረክስ ሲገባው አየሁት። ራሱ መጥቶ ወንፈሉን ሊመልስ ተስማማ፤ ቃሉ ተመዘገበ፣ ክሱም ለታኅሣሥ ተቀጠረ።

ኅዳር ላይ ፒካፑን ከማሳችን ዳር አቁሞ ወረደ። ሄልሜቷን አጥልቋል። ጎረቤቶቻችን አጨዳውን ትተው ሊያዩት መጡ፤ አንዲት አሮጊትማ ከሰማይ የሚወድቅ ነገር ተነግሯል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሐብታሙ ማጭዱን እንደ እስክሪብቶ ይዞ ጎንበስ አለ። ወገቡን እየያዘ ግን አጨደ፤ ውሸት አልናገርም። ሰማው ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ «ዝቅ አድርገው ይያዙት፣ ኢንጂነር» እያለ በአንቱታ ያዘዋል። እኔ ጠላ አቀርባለሁ። ጨክኜ ውኃ ላቅርብ ብል ሰማው አይለቀኝም።

አጨዳው ሲያልቅ ከምሮ መሄድ የወንፈል ደንብ ነውና፣ ሰማው «ይውጡ» ሲለው ሐብታሙ ክምሩ ላይ ወጥቶ ነዶ ይቀበል ጀመር። ክምሩ ከፍ ሲል ሞቅ አለው መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊነሳ ወደ ዳር ሸሸ። ነዶው ከእግሩ ሥር ተንሸራተተ። ሰማው ክራንቹን ጥሎ እየዳኸ ሲደርስ ሐብታሙ መሬት ላይ ተዘርግቶ እግሩን ይዞ ይጮሃል። ሄልሜቷ ምንም አልሆነችም።

ከሳምንታት በኋላ መጥሪያ መጣልን። ሐብታሙ ከሰሰን። በከሳሽነት ያስጻፈውን አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ሲያነቡልኝ በሳቅ ቆባቸው ወደቀ። በተከሳሽ ማሳ፣ በተከሳሽ ማጭድ፣ በተከሳሽ ትእዛዝ ስሠራ ወድቄአለሁና ስሙ ምንም ቢባል ሠራተኛው ነኝ፤ ያሠራኝ ያሳክመኝ ይላል።

«ወንፈል ነው በሉ» አሉን አለቃ። «ራሱ በቃሉ ያስመዘገበው ነው። አንዲት ቃል ተናግራችሁ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

ሌሊቱን ሙሉ ሰማውን አስጠናሁት። ወንፈል፣ ወንፈል፣ ወንፈል። እሱም «እሺ» አለኝ።

ታኅሣሥ ላይ ሁለቱም መዝገቦች አንድ ቀን ተጠሩ። ሐብታሙ በክራንች፣ ሰማው በክራንች። ዳኛዋ የሐብታሙን ክስ አንብበው ወደ ሰማው ዞሩ።

«ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ? ሠራተኛህ ነበር ወይስ በወንፈል ነው የመጣ?»

ከኋላ ሆኜ ጎኑን ነካሁት።

«የተከበረው ፍርድ ቤት» አለ ሰማው፣ «የወደቁት ከእኔ ክምር ላይ ነው። ውጡ ያልኳቸውም እኔ ነኝ። አሳክማቸዋለሁ።»

ጎኑን አሁን በክርኔ መታሁት። ጠበቃው ራሱ በድንጋጤ ብዕሩን ጣለ። ዳኛዋ ወደ ሰማው ጎንበስ አሉ።

«ይህን ቃል ስትሰጥ ምን እንደሚከተልህ ገብቶሃል? ወንፈል ነው ብለህ መከራከር ትችል ነበርኮ።»

«ገብቶኛል። ግን ሲወድቁ አይቻቸዋለሁ። አይቼ ምን ብዬ ልካድ?»

ሐብታሙ መሬት መሬት ያያል። ጠበቃው እጅጌውን ሲጎትተው እጁን ነጠቀው። ክራንቹን ተደግፎ ሳይጠሩት ተነሳ።

«እኔም አይቻለሁ» አለ። «ሲወድቅ አይቻለሁ። ከሥሩ ነበርኩ። ሠራተኛዬ ነበር፤ እኔም አሳክመዋለሁ።»

ዳኛ ጸደንያ ሁለቱንም ቃል አስመዘገቡ። ይቺን አንዲት ቃል ስጠብቅ ክረምት አልፎብኛል፤ ቂሜም ንዴቴም አንድ ላይ ወጥቶ ችሎት መሐል አለቀስኩ። ሰማው ባሕር ዳር ሊሄድ ነው፣ እግሩ ሊቃና ነው።

ገና እንባዬን በነጠላዬ ጠርጌ ሳልጨርስ ሰማው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ምስራቅ፣» አለኝ፣ «ለሰውየው መታከሚያ የትኛውን በሬ እንሽጥላቸው?»